የልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮ፦ ለሕፃናትና ታዳጊዎች ሳይካትሪ ፌሎሺፕ ሰልጣኞች

ከአዋቂዎች ሳይካትሪ ወደ ልጆች ስትሻገሩ መጀመሪያ የሚፈትናችሁ ሰዓት ነው። ለአዲስ ልጅ ቢያንስ 60 ደቂቃ፣ ቢቻል 90 ያዙ። እንደ ጥቁር አንበሳ ወረፋ በሚበዛበት ተመላላሽ ክፍል ይህ ካልተገኘ ለሁለት ቀጠሮ ክፈሉት እንጂ አታሳጥሩት።

ትንሽ ልጅ ከሆነ ወላጅን ቀድማችሁ ለብቻ ስሙ፤ ጥፋቱ ሲዘረዘር የሰማ ልጅ በኋላ አፉን አይከፍትላችሁም። ታዳጊ ከሆነ ግን እሱን አስቀድሙ። የምስጢርን ወሰን ወላጅ ባለበት ተናገሩ፦ የሚነግረን እኛው ዘንድ ይቀራል፤ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ፣ ወይም እሱን የሚጎዳ ሰው ካለ ግን ዝም አንልም።

የዕድገት ታሪክ ላይ ብዙ ሰልጣኝ ይሰናከላል። «መቼ ሄደ?» ስትሏት እናት «በጊዜው ነው» ትላለች። በበዓል ጠይቁ። ፋሲካ ሰሞን ከተወለደ፣ «ጥምቀት ላይ ይድህ ነበር?» ወደ 9 ወሩ ነው። «በሁለተኛው እንቁጣጣሽስ ሳይደገፍ ይሄድ ነበር?» ወደ 17 ወሩ ነው። በ18 ወር ያልሄደ ልጅ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። በረመዳን የምትቆጥሩ ከሆነ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እንደሚቀድም አትርሱ። ጠበልንም «የት የት ሄዳችሁ? ምን ረዳችሁ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ከመድኃኒት ጋር አብሮ መሄድ እንደሚችል ካልተነገራቸው ብዙዎች መድኃኒቱን ያቋርጣሉ።

«ትኩረት የለውም» ተብሎ ለመጣ ልጅ መድኃኒት ለመጻፍ አትቸኩሉ። መስማቱን፣ ማየቱንና እንቅልፉን አጣሩ። ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ከሌለበት ወረቀት ፊቱ ይዛችሁ ለ3 ደቂቃ በኃይል ያስነፉት፣ መሃል ላይ ቆሞ ከፈዘዘ ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ) እዘዙ። በዲ ኤስ ኤም 5 (የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምርመራ መመሪያ) መሠረት ኤ ዲ ኤች ዲ (የትኩረት ማነስ ሕመም) ለማለት ከ9ኙ የትኩረት ማነስ ምልክቶች 6ቱ (ከ17 ዓመት ጀምሮ 5ቱ) ለ6 ወር መታየት አለባቸው፤ በርካታዎቹም ከ12 ዓመት በፊት ጀምረው ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትና ትምህርት ቤት፣ መታየት አለባቸው። ስለዚህ የመምህሩ ቃል ግድ ነው። በወላጅ እጅ የተላከ ቅጽ ብዙ ጊዜ «ይረብሻል» የሚል አንድ መስመር ይዞ ይመለሳል፤ ወላጅን አስፈቅዳችሁ በዕረፍት ሰዓት መምህሩን ደውሉለት።

ድባቴ በልጅ ላይ ብስጭት መስሎ ይመጣል። ስለ ሞት ማሰቡን በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። የድባቴ መድኃኒት የሆነው ፍሉኦክሰቲን ካስፈለገ በ10 ሚሊግራም ጀምሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየሳምንቱ እዩት፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያይል የሚችለው ያኔ ነው። ክፍለ ሀገር ለሚመለስ ቤተሰብ ደግሞ ክኒኑን ማን እንደሚይዝና የት እንደሚቆለፍበት ሳትስማሙ አትሸኙ።