የለጋሽ አገርን የዕርዳታ መግለጫ አጣርቶ የማንበቢያ መንገድ

አንድ ሀብታም አገር ለድሃ አገር ይህን ያህል ገንዘብ ሰጠ ሲባል፣ በመጀመሪያ ሊጣራ የሚገባው ገንዘቡ የደረሰበት ደረጃ ነው። በጉባኤ ላይ የተገባ ቃል፣ በስምምነት የተፈረመ መጠንና በተግባር የተለቀቀ ገንዘብ ለየቅል ሲሆኑ፣ በመድረክ ላይ ጎልቶ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ነው። ቃሉ ግን በለጋሹ አገር ሕግ አውጪ በጀት ካልተመደበለት አይከፈልም፤ ስለዚህ መፈለግ ያለበት የተለቀቀው መጠን ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ ስጦታ ይሁን ብድር ይለያል። የለጋሽ አገሮች መድረክ በሆነው በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት ዕርዳታ ኮሚቴ ደንብ መሠረት፣ ወለዱ ዝቅ ያለና የመክፈያ ጊዜው የረዘመ ብድርም በዕርዳታነት ይመዘገባል። ቀድሞ የብድሩ ሙሉ መጠን ተቆጥሮ ተመላሹ በየጊዜው ይቀነስ ነበር፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ሂሳብ ወዲህ ግን በዋናው መለኪያ የሚቆጠረው የብድሩ የስጦታ አቻ፣ ማለትም ከብድሩ ውስጥ እንደ ስጦታ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ አቅርቦት በዚህ መዝገብ አይገባም። በአንጻሩ ለጋሹ ስደተኞችን በራሱ ምድር ተቀብሎ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት የሚያወጣው ወጪ ይገባል፤ ስለዚህም ዕርዳታው ጨመረ ሲባል ገንዘቡ ከአገሩ ያልወጣ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በዕርዳታው ላይ የታሰረው ቅድመ ሁኔታ ነው። ዕቃውና አገልግሎቱ ከለጋሹ ኩባንያዎች ብቻ እንዲገዛ ከተገደደ፣ ውድድሩ ስለሚጠብ ዋጋው ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊንር እንደሚችል ይገመታል። በዚህ ረገድ የብሪታንያ ታሪክ አስተማሪ ነው፤ ለማሌዥያው የፔርጋው ግድብ የተመደበው 234 ሚሊዮን ፓውንድ ከጦር መሣሪያ ሽያጭ ጋር ተያይዞ ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ ፍርድ ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። የግድቡ ኃይል ከሌሎች አማራጮች ይልቅ ውድ እንደሚሆን የመንግሥት ባለሙያዎች ቀድመው አስጠንቅቀው ነበር።

የልግስናውን ልክ ለመመዘን ደግሞ ገንዘቡ ከለጋሹ ብሔራዊ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ግብ 0.7 በመቶ ሲሆን፣ ከዚህ የደረሱት እንደ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ሉክሰምበርግ ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው።

በመጨረሻ የተቀባዩን አገር በጀት ማየት ያስፈልጋል። በዓለም አቀፍ ተቋማት ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅቶች በኩል የሚያልፍ ገንዘብ በዚያ በጀት ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ አለመታየቱ ብቻውን ገንዘቡ አልደረሰም አያሰኝም፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው አስፈጻሚው ድርጅት ነው።