የሚንጠባጠብ ቧንቧና ሦስተኛ ክፍል፦ ከሕፃናት ጋር የፕሮጀክት ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ

ዐራት ኪሎ አካባቢ ማስተማር እንደጀመርሁ «ፕሮጀክት» ብዬ ለሦስተኛ ክፍል የሰጠሁት የቤት ሥራ ነበር፤ ከካርቶን ቤት ሠርታችሁ አምጡ። ያማሩ ቤቶች መጡ። የሠሯቸው ግን እናቶችና ታላላቅ ወንድሞች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክት የማሠራው በትምህርት ሰዓት፣ በልጆቹ በራሳቸው እጅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄ ይምረጡ። ልጆቹ በዓይናቸው የሚያዩት፣ ሊለኩት የሚችሉትና መልሱን የሚፈልግ ሰው ያለው ይሁን። «የውኃ ጥቅም» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «የግቢያችን ቧንቧ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውኃ ያባክናል?» ግን ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ የሚገባው ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ሲጽፍ አጥብቆ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ከልቡ የሚገባበት ዓላማ።

ከመለካት በፊት ያስገምቱ፤ ግምቱ ደብተር ላይ ይጻፍ። ውኃው ከየት እንደሚመጣም ይጠይቁ። «ከቧንቧ!» ይላሉ። የአዲስ አበባን የውኃ ግድቦች፣ ለገዳዲን፣ ገፈርሳንና ድሬን፣ በካርታ የሚያሳዩት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ አምስት አምስት አድርገው ይመድቧቸው፤ ጠርሙስ ያዥ፣ ሰዓት ተመልካች፣ መዝጋቢ፣ አስሊ፣ ተናጋሪ። ሥራውን በየቀኑ ያቀያይሩ፤ አለበለዚያ ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም ይጠቀልላል፣ ዝምተኛው ቆሞ ያያል።

አሁን ይለኩ። የሚያስፈልገው ባዶ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስና ሰዓት ነው። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይለካ፤ ውጤቱ ሲለያይ ለምን እንደሆነ ልጆቹ ይከራከሩበት። የእኛ ጠርሙስ በ30 ደቂቃ ሞላ። በሰዓት 1 ሊትር፣ በቀን 24 ሊትር፤ ባለ20 ሊትሩ ጀሪካን ሞልቶ 4 ሊትር ይተርፋል። በ7 ላባዛው ጠመኔ ሳነሣ አንዲት ልጅ፣ «ውኃ በማይመጣበት ቀንስ?» አለችኝ።

ጠመኔውን አስቀመጥሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልሱን እርስዎ አይስጡ፤ ዕቅድዎ አንድ ቀን ቢዘገይም ይዘግይ። ልጆቹ ወደ በሩ ሄደው ጥበቃውን፣ «አባባ፣ ውኃ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው?» ብለው ጠየቁ። በሳምንት 3 ቀን ነበር። 72 ሊትር፣ ማለትም 3 ጀሪካን ከ12 ሊትር። ማባዛትን ከዚያ ቀን በተሻለ አስተምሬ አላውቅም።

ውጤቱን ቧንቧውን ማስጠገን ለሚችል ሰው ያቅርቡ። የእኛዎቹ ለርእሰ መምህሯ አቀረቡ፤ የተናገሩት እነርሱ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ማርክ ሲሰጡ የሥዕሉን ውበት ይተዉት፤ ደብተሩን ከግምት እስከ ስሌት ይመልከቱና እያንዳንዱን ልጅ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኘኸው?» «እንዴት አገኘሽው?» ብለው ይጠይቁ።

ቧንቧው ሲጠገን ጠርሙሱን ይዘው እንደገና ይውጡ። በእኛ ግቢ በ30 ደቂቃ የወረደው ሦስት ጠብታ ነበር፤ መዝጋቢዎቹ እርሱንም ጻፉት።