ታካሚው ኦሲመርቲኒብ ጀምሮ አዲስ ችግር ይዞ ሲመጣ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

ኦሲመርቲኒብ ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ (ሚውቴሽን) ላለበት የሳንባ ካንሰር የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ኪኒን ስለሆነ ብቻ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኬሞ ሲያዝ አስር ጊዜ የሚያጣራው ሐኪም ይሄን ግን «80 ሚሊግራም በቀን 1 ጊዜ» ብሎ ይጽፍና ይሸኛል። መድኃኒቱ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ታካሚው ቤቱ ሆኖ ነው የሚውጠው፣ ችግር ሲመጣም ቀድሞ የሚያገኘው ስለ መድኃኒቱ ሰምቶ የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ስለዚ ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ ባልደረቦች በብዛት የሚያጋጥመውን ልጻፍላችሁ።

«ሳሉ ባሰብኝ፣ ትንሽ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኛል»

ከሁሉም የምፈራው ይሄን ስለሆነ እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ቢያስል ማንን ይገርማል? ለዛ ነው የሚያመልጠን። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ካንሰሩ አድጎ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል (ካንሰር ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ ነው የሚረጋው)፣ ወይም ደግሞ ኪኒኑ ራሱ ሳንባውን አስቆጥቶት፣ ማለትም ኒሞናይቲስ። የመጨረሻው ከ100 ታካሚ 3 ወይም 4 ላይ ነው የሚታየው፣ ግን ሊገድል ይችላል።

የተለመደው ስህተት እንዲህ ነው፦ ደረቅ ሳልና ትንሽ ትኩሳት ይዞ ይመጣል፣ ኤክስሬይ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፣ «ኒሞኒያ ነው» ተብሎ አዚትሮማይሲን ይታዘዝለታል፣ የካንሰር መድኃኒትህን ግን እንዳታቋርጥ ተብሎ ይሸኛል። እዚ ጋ ሁለት ጥፋት አለ። አንደኛ፣ ምናልባት ሳንባውን የሚጎዳውን ነገር በየቀኑ እየዋጠ ነው። ሁለተኛ፣ አዚትሮማይሲን ኪውቲን (በአንድ ምት የልብ ኤሌክትሪክ ተነስቶ እስኪረጋ የሚወስደውን ጊዜ፣ ሲረዝም የልብ ምት ሊዛባ ይችላል) ያስረዝማል፣ ኦሲመርቲኒብም ያስረዝማል፣ ስለዚ ሳንባውን ሳናድን ልቡ ላይ ሌላ ጣጣ ጨመርንበት።

መፍትሄው፦ ኪኒኑን የዛኑ ቀን አቁሙ፣ ምርመራው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ኦክስጅኑን ስትለኩ ቁጭ ብሎ ብቻ አይደለም፣ ጣቱ ላይ እንደተደረገ ኮሪደር ላይ ትንሽ አስኪዱት፣ ቁጭ ብሎ 95 የነበረው ሲራመድ 87 ሲገባ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዛ ሲቲ ስካን፣ ኢንፌክሽንና የረጋ ደም ማጣራት። ኒሞናይቲስ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ለዘለቄታው ይቆማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ ይጀመራል። ካልሆነ መልሳችሁ ታስጀምሩታላችሁ፣ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት እንኳ 2 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት ጥቂት ቀን ስለተቋረጠ መደናገጥ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ገና ስትጀምሩ ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ ህክምና) ወስዷል ወይ? በተለይ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ከሆነ ለከባድ ኒሞናይቲስ ያለው ስጋት ይጨምራል። የፒዲኤልዋን (ኢሚዩኖቴራፒ ይሰራ እንደሆነ የሚጠቁም ምርመራ) ውጤት ቀድሞ ይመጣና ከፍ ያለ ስለሆነ ኢሚዩኖቴራፒው ይጀመራል፣ የሚውቴሽኑ ውጤት ከሳምንት በኋላ ኢጂኤፍአር ብሎ ይመጣል፣ በቃ ወጥመዱ ውስጥ ገባን። ታካሚው መጠበቅ የሚችል ከሆነ ጠብቁ።

«ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያዞረኛል»

ኪውቲ ነው መጀመሪያ የሚታሰበው። ብዙ ጊዜ ግን ኦሲመርቲኒብ ብቻውን አይደለም፣ ለማቅለሽለሽ ኦንዳንሴትሮን ተሰጥቶታል፣ ከዛ ተቅማጥ ይዞት ፖታሲየምና ማግኒዚየሙ ወርዷል፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንሱ፣ የጎደለውን ጨው ሙሉ፣ ኪውቲ የሚያስረዝሙትን ሌሎች መድኃኒቶች አቁሙ ወይ ቀይሩ። ኪውቲሲው (በልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ) በሁለት የተለያዩ ኢሲጂዎች ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ኪኒኑ ይቆማል፣ ከ481 በታች ሲወርድ በ40 ሚሊግራም ይቀጥላል። አደገኛ የልብ ምት መዛባት ከመጣ ግን ወደዚህ መድኃኒት መመለስ የለም። እግሩ ካበጠና ተጋድሞ መተንፈስ ካቃተው ደግሞ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አሰሩ፣ ልብ የማድከም ጣጣም አለበት።

ከመጀመሩ በፊት የተነሳ ኢሲጂ ከሌላችሁ ይሄ ሁሉ ግምት ነው የሚሆነው፣ ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

«ወር ሙሉ ወሰድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም»

ወደ ሌላ መድኃኒት ከመዝለላችሁ በፊት የሚውቴሽኑን ወረቀት እንደገና አንብቡ። «ኢጂኤፍአር ፖዘቲቭ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ሚውቴሽኑ ዓይነት አለው፦ ኤክሶን 19 ዲሌሽንና ኤል858አር የሚባሉት ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ፣ ኤክሶን 20 ኢንሰርሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ በተለመደው 80 ሚሊግራም አይመልስም፣ ለሱ የራሱ ህክምና አለው።

ወረቀቱ ትክክል ከሆነ የመድኃኒት ዝርዝሩን ተመልከቱ፣ ያዘዛችሁትን ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታ የታዘዘለትንም፣ ታካሚው ቦርሳውን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ያውጣላችሁ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ኦሲመርቲኒብ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ78 በመቶ ያወርደዋል፣ ማለትም ሰውየው ኪኒኑን በታማኝነት ይውጣል ግን እንዳልወሰደ በሉት። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዛው ናቸው፣ እነዚህ የሚመጡት ደግሞ ካንሰሩ ጭንቅላት ገብቶ የሚጥል በሽታ ላመጣበት ታካሚ ነው፣ መድኃኒቱን በጣም ለሚፈልገው ሰው ማለት ነው። ለሚጥለው ሌቬቲራሴታም ቀይሩለት። መቀየር ጭራሽ የማይቻል ከሆነ የአሜሪካው መመሪያ ዶዙን ወደ 160 ከፍ ማድረግ ይፈቅዳል፣ ያ ሌላኛው መድኃኒት ከቆመ ከ3 ሳምንት በኋላ ወደ 80 ይመለሳል።

ተቅማጥ

ሎፐራማይድ፣ መጀመሪያ 4 ሚሊግራም፣ ከዛ በቀጠነ ቁጥር 2 ሚሊግራም፣ በቀን ከ16 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ኪውቲው የረዘመ ሰው ላይ ግን ሎፐራማይድም ሲበዛ ልብ ይነካል። ፖታሲየሙን እዩ፣ ከላይ ያለው ታሪክ ከዚ ነው የሚጀምረው።

ሽፍታና ጥፍር

አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት አያሰጋም፣ ግን ታካሚው በራሱ ውሳኔ ኪኒኑን የሚያቆመው በዚህ ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠርዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ አያወራም ግን እጁን ደብቆ ይቀመጣል፣ ስለዚ እጅህን አሳየኝ በሉት። ቅባት በብዛት፣ በቀን ሁለቴ፣ ሽፍታው ላይ ቀለል ያለ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ከባሰ ዶክሲሳይክሊን። እሱም ካልበገረው ትንሽ ማሳረፍ፣ ከዛ በ40 መመለስ።

ሌሎች

ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም እይታው ከደበዘዘ ጠብታ አዛችሁ አትሸኙት፣ የዓይን ሐኪም ይየው። መዋጥ ካቃተው ኪኒኑ አይፈጭም፣ 60 ሚሊሊትር ጋዝ የሌለው ውሃ ውስጥ በትኖ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ብርጭቆውንም አለቅልቆ ይደግማል። ከረሳ ሁለት ባንድ ላይ አይውጥ። እርግዝናን በተመለከተ ሴቷ ካቆመች በኋላ ለ6 ሳምንት፣ ወንዱ ለ4 ወር መከላከያ መጠቀም አለባቸው፣ ወንዶቹን ማንም አይነግራቸውም።