ለስኮሊዮሲስ ፊዚዮቴራፒ መጀመሪያ ቀን ስትመጡ፦ ፊልሙን ቤት አትርሱ

ፒያሳ አካባቢ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ልጃቸው ስኮሊዮሲስ አለባት፣ አከርካሪዋ ወደ ጎን ተጣሟል የተባሉ ወላጆች መጀመሪያ ቀን ሲመጡ የሚሠሩት ስህተት ያው ነው። ሰለቸኝ፣ ልጻፈው።

የራጅ ፊልሙን ትቶ ወረቀቱን ብቻ ይዞ መምጣት። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «መጠነኛ መጣመም» ተብሎ ይታለፋል፣ ጥመቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይጻፍም። እኔ የምፈልገው ዲግሪውን ነው። ስኮሊዮሲስ የሚባለው ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ነው። እያደገች ላለች ልጅ ከ25 እስከ 40 አካባቢ ከሆነ የብሬስ (ጥመቱ እንዳይብስ ወገቧና ደረቷ ላይ የሚታሰር ጠንካራ ድጋፍ) ነገር ይነሣል። 50 ካለፈ ደግሞ ስለ ቀዶ ሕክምና ከአጥንት ሐኪም ጋር መነጋገር ይመጣል። ታዲያ ፊልሙን ሳላይ የትኛው ጋ እንዳለች በምን ልወቅ?

የድሮውንም አትጣሉት። ዋናው ጥያቄ እየጨመረ ነው ወይ የሚለው ነው። አንድ ፊልም ሁለቴ ሲለካ እንኳ እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ስለሚችል 22 የነበረው 25 ሆነ ተብሎ አይለቀስም፤ 32 ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። አንዲት እናት ፊልሙን አራት ላይ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው መጡ። እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኖ ልክ መለኪያ የማደርገው አጥንት ላይ አልፏል። ሲዲ ላይ ከሆነም ሲዲውን አምጡት። ተኝታ የተነሣችው ራጅ ጥመቱን አሳንሶ ስለሚያሳይ ቆማ የተነሣችው ነው የሚጠቅመኝ። ግን ለእኔ ብላችሁ በራሳችሁ አዲስ አታስነሡ፤ ጨረር ነው፣ ሐኪም ይዘዘው።

ጠባብ ጂንስና ወፍራም ሹራብ። ጀርባዋን ማየት አለብኝ። ላላ ያለ ቁምጣና ባለ ማንገቻ ካናቴራ ይበቃል። ጸጉሯ ወደ ላይ ይታሰር፤ ሹሩባው ትከሻዋ ላይ ከወደቀ የትኛው ትከሻ ከፍ እንዳለ አይታየኝም። የምታፍር ከሆነ ነጠላ ያዙላት፣ እየሸፈንን እንሠራለን። ሴት ባለሙያ ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ።

«ቀጥ በይ!» እባካችሁ፣ እኔ ፊት አትጩሁባት። እንደ ልማዷ ስትቆም ነው ማየት የምፈልገው። ወደ ፊት እንድታጎነብስ የማደርጋትም የጎድን አጥንቷ በየት በኩል ከፍ እንደሚል ለማየት ነው። በቁጣ የሚቃና ቢሆን እኔም ሥራ አይኖረኝም ነበር። ጥመቱን ያመጣው የትምህርት ቤት ቦርሳውም አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ የሚታየው አብዛኛው ስኮሊዮሲስ ምክንያቱ አይታወቅም።

በልጅቷ ፈንታ መልስ መስጠት። የወር አበባ መቼ እንደጀመራት እጠይቃለሁ። አባት ጣሪያ ያያሉ፣ እናት «ኧረ ገና ልጅ ናት!» ይላሉ፣ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ጥያቄው ነውር አይደለም። ጥመቱ በፍጥነት የሚጨምረው ቁመቷ በሚመዘዝበት ጊዜ ነው። ገና ካልጀመራት ብዙ እድገት ይቀራታል፣ ክትትሉም ጠበቅ ይላል። ቤት ተነጋገሩና ወሩን አስታውሳችሁ ኑ።

ከቀጠሮው በፊት ወጌሻ ጋ ጎራ ማለት። ወጌሻን አልንቅም፤ ጥመቱ ግን በመታሸት አይቃናም። ጀርባዋ በልዞ ስትመጣ የሚያማት ከምኑ እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ማስታገሻ ውጣ ከሆነም ንገሩኝ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ ግን የእኔን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

«በስንት ቀን ይስተካከላል?» እንደ ቧንቧ ጥገና የሚያስቡት አሉ። ሽሮት የሚባለውን ልምምድ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ጀርመናዊቷ ካታሪና ሽሮት ከ100 ዓመት በፊት የጀመረችው ነው፣ አተነፋፈስና አቋቋም ላይ ይሠራል። እሱም ቢሆን የዕለት ሥራ ይፈልጋል። ዋናው ዓላማ ጥመቱ እንዳይብስ መያዝና አቋቋሟን ማሻሻል ነው።

ብሬስ ካላት ለብሳው ትምጣ። ቁርስ በልታ ትምጣ። ካርዱ ላይ 9:00 ተጽፎ ካያችሁ በእኛ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ፤ የጠዋት ሦስት ሰዓቱን ቀጠሮ ከሰዓት የሚመጡበት ብዙ ናቸው። ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጉ፤ ልምምዱን ስትሠራ ከኋላዋ ሆናችሁ ትቀርጿታላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ግማሹ ይረሳል።