ያ ውድ ስልክ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምትወስኑ

አዲስ ስልክ ሲወጣ ልብ ይነሳል። ማስታወቂያው ያምራል፣ ካሜራው ያስጎመጃል። ሰው እጅ ላይ ስናየው ደግሞ የራሳችን ስልክ በአንድ ቀን ያረጀ ይመስለናል። ከዚያ ዋጋውን እንሰማለን።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ለስልክ ይሄን ሁሉ? ስም ነው የሚሸጡት» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «ከተገዛ አይቀር ጥሩው ይገዛ» ብሎ ያለ የሌለውን ያራግፋል። ሁለቱም ቁጭ ብለው አላሰሉትም። ያው አንድ ስልክ ለአንዱ ሰው ወጪውን ይመልሳል፣ ለሌላው ገንዘብ ማቃጠል ነው። ይህን የሚወስነው የባለቤቱ ውሎ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በስልኩ ምን ይሠራል?

በ2017 እ.ኤ.አ. አፕል አይፎን 10ን በ999 ዶላር ሲያወጣ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። ዛሬ ከዚያ በላይ የሚሸጡ ስልኮች ብርቅ አይደሉም። ይህን ያህል ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ሥሩ። አንድ ምሽት ይበቃችኋል።

1. መጀመሪያ አሁን የያዛችሁትን ስልክ መርምሩ

ሴቲንግ ውስጥ ግቡና በየቀኑ የትኛው አፕ ላይ ምን ያህል ሰዓት እንደምታሳልፉ እዩ። አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» ይባላል፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ «ዲጂታል ዌልቢዪንግ»። የብዙዎቻችን ዝርዝር ይመሳሰላል፦ መልእክት፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ቪዲዮ፣ ስልክ ጥሪ፣ የባንክ አፕ። እነዚህን ሁሉ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ያለ ችግር ይሠራቸዋል።

ቀጥሎ ጋለሪውን ክፈቱ። የመጨረሻዎቹን 100 ፎቶዎች አንድ በአንድ ቁጠሩ። በጨለማ የተነሱት ስንት ናቸው? ከሩቅ በዙም የተነሱትስ? የሚሮጥ ልጅ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ያነሳችሁትስ?

እኔ ይህን ያደረግሁት ለካሜራው ብዬ ውድ ስልክ ልገዛ በተዘጋጀሁበት ሰሞን ነው። ከመቶው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስክሪንሾት፣ ደረሰኝና የሰነድ ፎቶ ነበር። የቀረው በአብዛኛው በቀን ብርሃን የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። በሌሊት የተነሳ ስድስት ብቻ። በዙም የተነሳ አንድም የለም። ልገዛው የነበረው ስልክ ግን ዋጋውን ሰማይ ያደረሰው ዋናው ነገር የዙም ሌንሱ ነበር። ጋለሪያችሁን ጠይቁት፣ እውነቱን ይነግራችኋል።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የአሁኑ ስልካችሁ የሚነፍጋችሁን ሦስት ነገር ጻፉ። «ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ አትለፉ። «ካሜራው እስኪከፈት ልጁ ዞሮ ሄዷል»፣ «ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪው ያልቃል»፣ «ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱን አትጣሉት፣ እስከ መጨረሻው ያስፈልገናል።

2. ችግሩ ስልኩ ነው ወይስ ባትሪው?

ብዙ ሰው «ስልኬ ሞቷል» የሚለው ባትሪው ሲደክም ነው። የስልክ ባትሪ በሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ይህ የሁሉም ሊቲየም ባትሪ ባሕርይ ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ይታያል። ከ80 በመቶ በታች ከወረደ መቀየሪያው ደርሷል።

የደከመ ባትሪ ስልኩን ቀርፋፋ ሊያደርገውም ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውንም ከ79 ዶላር ወደ 29 ዝቅ አደረገ። ባትሪ የቀየሩ ሰዎች ስልካቸው ወደ ድሮው ፍጥነት ተመለሰላቸው።

እኔም አንድ አሮጌ ስልክ ይዤ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጀርባውን በሙቀት አሟሟቀው። በስስ ፕላስቲክ ጠርዙን ዙሪያውን እየፈለቀቀ ከፈተው። ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ እንደ ትንሽ ትራስ ሆኖ ነበር፣ ስክሪኑን ከታች እየገፋው። አዲሱን ገጥሞ ሲዘጋው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ያ ስልክ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አገልግሎኛል። በነገራችን ላይ፣ ባትሪያችሁ እንዲህ ካበጠ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙና ቶሎ አስቀይሩ። አደገኛ ነው፣ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ስቶሬጁንም እዩ። ጢም ብሎ የሞላ ስልክ ሃንግ ያደርጋል። የማትፈልጓቸውን ቪዲዮዎች ወደ ኮምፒውተር አውርዳችሁ ጥቂት ጊጋባይት ክፍት አድርጉለት። ከዚያ ሳምንት ተጠቀሙበት። ከሦስቱ ቅሬታዎች ሁለቱ ከጠፉ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ።

3. ተጨማሪው ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ለዩ

ቅሬታው ካልጠፋ ወደ ገበያው እንሂድ። እዚህ ላይ ዓይን አዋጅ ይሆናል፣ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንነሳ።

ጉግል በ2023 ፒክስል 8 ፕሮን በ999 ዶላር አወጣ። በ2024 ደግሞ ፒክስል 8ኤን በ499 አወጣ። ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የስልኩ አንጎል፣ ያው ቴንሰር ጂ3 ነው። ሁለቱም ለሰባት ዓመት አፕዴት እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶላቸዋል። ታዲያ ሌላው 500 ዶላር ምን ገዛ? አምስት እጥፍ የሚያቀርብ የዙም ሌንስ፣ ተለቅ ያለ ስክሪን፣ በ8 ጊጋ ፋንታ 12 ጊጋ ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር)፣ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር። ከሩቅ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ሌንሱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ለማያነሳው ግን 500 ዶላሩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቢውል ይሻላል።

ሁልጊዜ እንዲህ ሁለት ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ውዱንና ያው ኩባንያ የሚሠራውን ረከስ ያለውን። ልዩነቱን በወረቀት ላይ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን «በሳምንት ስንት ጊዜ እጠቀምበታለሁ?» ብላችሁ ጻፉ።

ካሜራ ላይ ሜጋፒክስል አያታልላችሁ። 200 ሜጋፒክስል የሚባለው ካሜራ እንደተለመደው ሲነሳ 16 ፒክስሎችን (ፎቶው የሚሠራባቸውን ነጥቦች) አንድ ላይ አዋህዶ 12 ሜጋፒክስል አካባቢ ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። በጨለማ ጥሩ ፎቶ የሚያወጣው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ሌንስና ፎቶውን የሚያቀናብረው ሶፍትዌር ነው። ውድ ስልኮች እዚህ ላይ በእውነት ይበልጣሉ። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል፣ በተለይ እየተራመዳችሁ ስትቀርጹ።

ፍጥነት የዛሬ ጉዳይ አይደለም። በተገዛ በመጀመሪያው ወር መካከለኛውም ውዱም ፈጣን ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው አፕሊኬሽኖች እየከበዱ ሲሄዱ፣ በአራተኛው ዓመት ነው። ስልክ ቶሎ የምትቀይሩ ከሆነ ለዚህ ፍጥነት ከፍላችሁ ሳትጠቀሙበት ለሌላ ሰው ታስተላልፉታላችሁ።

ስክሪኑ በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚታደስ መሆኑ ድሮ የውድ ስልክ ምልክት ነበር፤ ዛሬ ረከስ ባሉትም አለ። ቻርጅ ላይ እንዲያውም አንዳንድ መካከለኛ ስልኮች ከውዶቹ ቀድመው ይሞላሉ። ታይታኒየምና የሚያብረቀርቅ መስታወት ያምራሉ፣ ግን በማግስቱ ኮቨር እንደምታለብሱት አስቡ።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «አይፒ68» የሚባለው የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ ስልኩ አይበላሽም ማለት አይደለም። 6ቱ ለአቧራ ነው፣ 8ቱ ለውሃ። ፈተናው የሚደረገው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ማሸጊያ ከጊዜ ጋር ይደክማል፣ ስልኩ ከወደቀ ደግሞ ሊላቀቅ ይችላል። አብዛኛው ዋስትና በውሃ የተበላሸን ስልክ አይሸፍንም። ይህን ሳያውቁ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲቀርጹ ስልካቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

4. ዋጋውን ለዓመት አካፍሉት

የ1,000 ዶላር ስልክ ስድስት ዓመት ከያዛችሁት በዓመት 167 ዶላር አካባቢ ይወጣል። የ400 ዶላር ስልክ ሦስት ዓመት ከያዛችሁት በዓመት 133 ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ እንደመሰላችሁ ሰፊ አይደለም። ግን ውዱን በየሁለት ዓመቱ የምትቀይሩት ከሆነ በዓመት 500 ይሆናል። አሮጌውን ስትሸጡ የምታገኙትን ቀንሱለት፤ አሁንም ብዙ ነው። ስለዚህ «ስንት ነው?» ከማለት በፊት «ስንት ዓመት እይዘዋለሁ?» በሉ። መልሱን ከምኞታችሁ አትውሰዱት፤ ያለፉትን ሁለት ስልኮች ስንት ዓመት እንደያዛችሁ አስታውሱ።

ዓመቱን የሚገድበው የሶፍትዌር አፕዴት ነው። የደኅንነት አፕዴት የማይደርሰው ስልክ ላይ የባንክ አፕ መጠቀም ያሰጋል። ሳምሰንግም በ2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የሰባት ዓመት ቃል ገብቷል። ልብ በሉ፣ ሰባት ዓመቱ የሚቆጠረው ስልኩ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም።

5. ሰባራውን ስክሪን አስቀድማችሁ አስሉ

ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪን መቀየሪያ ዋጋውን ጠይቁ። ውድ ስልክ ጥገናውም ውድ ነው። ነገ ከእጃችሁ አምልጦ ቢሰበር ሳትበደሩ ማሠራት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ያ ስልክ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ይህን የምለው ስክሪኑ የተሰነጣጠቀ ውድ ስልክ ይዘው፣ ጣታቸው እየተቆረጠ ወራት የገፉ ሰዎች ስላየሁ ነው።

በየወሩ እየከፈላችሁ የምትገዙ ከሆነ ወርሃዊውን ብቻ አትዩ። በወሩ ብዛት አባዙትና ጠቅላላውን እዩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን።

6. ያለፈውን ዓመት ውድ ስልክ አትርሱ

እኔን ብትጠይቁኝ ለብዙ ሰው የሚበጀው ይሄ ነው። አዲሱ ሲወጣ ያለፈው ዓመት ስልክ ይረክሳል። ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ያው ነው። ከአፕዴቱ የሚቀነሰው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። *#06# ደውሉና የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ሻጩ አካውንቱን ፊታችሁ አውጥቶ ስልኩን ሪሴት ያድርገው። እምቢ ካለ ወይም «በኋላ እልክልሃለሁ» ካለ ጥላችሁ ሂዱ። አካውንት የተቆለፈበት ስልክ ለምንም አይሆንም። ስልኩ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሰው ያለቀሰበት ነው።

7. እጃችሁ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ ጠብቁ

ሱቅ ሄዳችሁ ያዙት። በአንድ እጅ መልእክት ጻፉበት። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱትና ቁጭ በሉ። ከመስኮት ፊት ለፊት ሰው አቁማችሁ ፊቱን አንሱ፤ ፊቱ ከጠቆረ ካሜራው እንደተወራለት አይደለም። ትልልቆቹ ስልኮች ከ200 ግራም በላይ ይመዝናሉ፣ ተኝቶ ለሚያነብ ሰው እጅ ያዝላል።

ከዚያ ሳትገዙ ውጡ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የመጀመሪያው ጉጉት በረድ ሲል ያችን ወረቀት አውጡ። ሦስቱ ቅሬታዎች አሁንም አሉ? ውዱ ስልክ ቢያንስ ሁለቱን ይፈታል? ረከስ ያለው እነዚያኑ አይፈታም? ለሦስቱም መልሱ አዎ ከሆነ ግዙት፣ ልባችሁ አይቆጫችሁ። በስልኳ የልብስ ፎቶና ቪዲዮ እየሠራች የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። በጣም ውዱን ገዝታ የጨርቁ ቀለም እንዳለ መታየት ጀመረ፤ «ቀለሙ ሌላ ነው» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ቀረላት። ለእሷ ውድ አልነበረም።

ስትገዙ ደረሰኙንና ካርቶኑን አስቀምጡ፤ ስትሸጡት ዋጋ ይጨምራሉ። ኮቨሩን ደግሞ ከሱቁ ሳትወጡ አልብሱት።