«የግብር ተመላሽ አለዎት» የሚል ኢሜይል ሲመጣ

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የጨርቃጨርቅ ሱቅ አለችኝ። ሐምሌ ላይ ግብር ከፍዬ ሳምንት ሳይሞላ ኢሜይል ገባልኝ። «18,400 ብር ተመላሽ አለዎት። በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ተጭነው ይውሰዱ» ይላል። ዓርማውም ማኅተሙም አለ። እጄ ወደ ሊንኩ ሄዶ ነበር። ግን እኔ መቼ ተመላሽ ጠየቅሁ? በትርፍ የከፈለ ሰው ራሱ ነው አመልክቶ የሚጠይቀው።

እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲደርሳችሁ ሊንኩን አትንኩ። የላኪውን ስም ተጫኑና ሙሉ አድራሻውን እዩ። የእኔው ስሙ «ገቢዎች» ይላል፣ አድራሻው ግን የማንም ሰው ጂሜይል ነው። የመንግሥት ድረ ገጽ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ «ጎቭ ዶት ኢቲ» (.gov.et) ነው። ከዚያ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ግብር የከፈላችሁበት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚላክ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ጎረቤቴ እትዬ ለደወለላቸው አጭበርባሪ ኮዱን ጮክ ብለው ሊያነቡለት ሲሉ ነው ስልኩን የቀማኋቸው።

ሰጥታችሁ ከሆነ አትፍሩ፣ አትደብቁም። ወዲያው ባንካችሁ ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ። የንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ይደውል። ከዚያ የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ መልእክቱን ሳታጠፉ ለፖሊስ አሳዩ።