የመጠጥ ጨዋታ በወዳጅ ቤት፦ ጎንደር ላይ ዘወትር የሚታዩና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጎንደር ወዳጆች ቅዳሜ ማታ ወይም በበዓል ማግስት ከአንዳቸው ቤት ሲሰባሰቡ፣ ጠላ ወይም ቢራ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ ካርታ መዘርጋቱ፣ እንቆቅልሽ መወራወሩ ወይም ከስልክ ላይ የተገኘ የጥያቄ ጨዋታ መጀመሩ የተለመደ ነው። የሚተዋወቁ አምስት ስድስት ሰዎች በቤት ውስጥ ተሰብስበው መጫወታቸው ከመጠጥ ቤት ጫጫታ እንደሚሻል የሚክድ ብዙ ሰው አይኖርም። ይሁንና ምሽቱ የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ መንሥኤውም አብዛኛውን ጊዜ የጨዋታው ደንብ ሳይታሰብበት መውጣቱ ነው።

የሌሎቹ ሁሉ እናት የሆነው ስህተት ብርጭቆን መቀጫ ማድረግ ነው። «የተሸነፈ ይጠጣ» የሚለው ደንብ ቀላልና አስቂኝ ስለሚመስል ማንም አይከራከርበትም፤ ነገር ግን ጨዋታውን ራሱን ያፈርሰዋል። ኮንከር የሚጫወት ሰው የትኛው ካርታ እንደወጣና የትኛው እንደቀረ ማስታወስ ይኖርበታል፤ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሁለት ጊዜ የጠጣ ሰው ግን ሐሳቡን መሰብሰብ ስለሚያቅተው ሦስተኛውንም ይሸነፋል፣ ተሸንፎም እንደገና ይጠጣል። በዚህ አኳኋን ጥቂት እንደቆዩ አንዱ ብቻ ሰክሮ ሌሎቹ የሚስቁበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ይህን ጨዋታ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ጉዳዩን በቁጥር ማየትም ይቻላል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። የጤናማ አዋቂ ሰው ጉበት በአማካይ በሰዓት የሚያስወግደው 10 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ጠርሙስ ከሰውነት ተጠርጎ እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ዙር ካርታ ግን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በዚያ ላይ አልኮል በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተጠጣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ «ገና ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ተጫዋች የሚናገረው ቀደም ብሎ ስለጠጣው ነው፤ አሁን የያዘው ብርጭቆ ገና ሥራውን አልጀመረም።

መቀጫ ከሌለ ጨዋታው አይደምቅም የሚል ካለ፣ ከአያቶቻችን እጅ የተቀበልነው መቀጫ አለ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያጣ ሰው የሚጠየቀው አገር እንዲሰጥ ነው፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ በዚያ ያገኘውን ምቾት እየዘረዘረ ተሸናፊውን በስድብ ያዋርደዋል። (ጎንደር ተቀምጦ ጎንደርን አሳልፎ ለመስጠት የሚደፍር ግን እምብዛም አይገኝም።) ከዚህ የማያንሰው ሌላው መቀጫ ግጥም ነው። አዝማሪ ባለበት ቤት እንግዳው ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ እንደሚያዜመው ሁሉ፣ ማሲንቆ በሌለበት ቤትም ተሸናፊው ሁለት ስንኝ እንዲገጥም፣ ሌሎቹ «ተቀበል» እያሉ እንዲያነሡለት ማድረግ ይቻላል። ቤት ያልመታ ግጥም ከመታው ይበልጥ ያስቃል፤ መጠጡም ሰው ሲፈልግ የሚጎነጨው ሆኖ ይቀራል።

መጠጥን የግድ በደንቡ ውስጥ ማስገባት የሚፈልጉ ደግሞ በመለኪያ ላይ ይሳሳታሉ። «አንድ ብርጭቆ» የሚለው ቃል በጠላ፣ በጠጅ፣ በቢራና በአረቄ ፊት አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። 40 በመቶ አልኮል ያለው 50 ሚሊ ሊትር አረቄ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሲይዝ፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው ሙሉ ጠርሙስ ቢራ የሚይዘው 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ቢራ፣ ሌላው አረቄ ይዞ በተቀመጠበት ጨዋታ «እኩል እንጎንጭ» ማለት እኩልነት የለውም። የቤት ጠላና የቤት ጠጅ ደግሞ ጥንካሬያቸው እንደ ጠማቂዋ እጅና እንደቆዩበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ በሰላም የገባ ሰው ዛሬ በሌላ ቤት ጠላ ሁለቱን ላይችል ይችላል። ደባልቆ መጠጣት በራሱ ያሰክራል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ የሚያሰክረው የአልኮሉ ድምር ነው፤ መደባለቁ የሚጎዳው ድምሩን ለመቁጠር ስለሚያስቸግር ነው። አረቄ ከሆነ ደግሞ ከማን እንደተገዛ ማወቅ ግድ ነው፤ ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበትን መጠጥ በማሽተትም ሆነ በመቅመስ መለየት አይቻልምና።

መቁጠርን የሚያከብደው ሌላው ነገር መልካም ባህላችን ራሱ ነው። እንግዳ ፊት የጎደለ ብርጭቆ ማየት ነውር ስለሆነ፣ አሳላፊው ወይም ባለቤቲቱ ሳያልቅ እየደጋገሙ ይሞላሉ፤ እንግዳው «ይበቃኛል» ሲል «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል። በግብዣ ላይ ይህ የፍቅር መግለጫ ነው። በጨዋታ መካከል ሲሆን ግን ማን ምን ያህል እንደጠጣ የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም፤ ጠጪው ራሱም ቢሆን የጨረሰው ብርጭቆ ስለሌለ የመጀመሪያው ላይ ያለ ይመስለዋል። ጨዋታው እስኪያልቅ ብርጭቆ ሳያልቅ አይሞላም ብሎ ከመጀመሪያው መስማማት፣ የቢራ ጠርሙሶችንም ቶሎ አለማንሣትና በጠጪው ፊት መተው ይጠቅማል። ባለቤቲቱን ስለ ደንቡ አስቀድሞ በአክብሮት ማስረዳት እንዳይረሳ፤ አለዚያ ሰውን እንደናቀች ይቆጠርባታል ብላ መቅዳቷን አትተውም።

በባዶ ሆድ መጀመርም በእኛ አካባቢ የራሱ መልክ አለው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ማታ ከወዳጆቹ ጋር ሲቀመጥ የያዘው ምግብ ትንሽ ነው። አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ስለሆነና በጨጓራ ውስጥ ያለ ምግብ ወደዚያ የሚያልፍበትን ፍጥነት ስለሚቀንሰው፣ እራት ከጨዋታው በፊት መቅረብ ይገባዋል። ሽሮም ይሁን ምስር፣ በእንጀራ ጠገብ ብሎ መብላት ያስፈልጋል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ማጫወቻ እንጂ እራት አይሆኑም፤ ጨው የበዛበት ቆሎ ጭራሽ ጥማት ቀስቅሶ ያስጠጣል። ውኃ በጆግ ሞልቶ ጠረጴዛው መካከል ማስቀመጥ ወጪ የለውም፣ ግን ብዙ ቤት ይረሳል።

የማይጠጣውን ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ከስህተቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረው ነው። ስለት ያለበት፣ ሃይማኖቱ የሚከለክለው፣ ነፍሰ ጡር መሆኗን ገና ያልተናገረች፣ እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለ ከአልኮል ጋር እንዳይወሰድ የሚመከር መድኃኒት የጀመረ ሰው በወዳጆቹ ፊት ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖሩበት ከተማ ቅሪቦና ብርዝ አዘጋጅቶ መጥራት ለባለቤቱ አዲስ ነገር ሊሆንበት አይገባም። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶችንም «አንድ ብቻ ይቅመስ» ማለት ቀልድ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ሱቅ ያልተፈቀደለትንም ቤት ሊፈቅደው አይገባም።

«እውነት ወይስ ድፍረት» የሚሉትንና የመሳሰሉትን የጥያቄ ጨዋታዎች በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች አብረው በተቀመጡበት፣ ሁሉም ከጠጣ በኋላ፣ ስለ ቀድሞ ፍቅር መጠየቅ ጠብ መዝራት ነው። ስልኮች ደግሞ በአንድ መሶብ ክዳን ላይ ተሰብስበው ይቀመጡ፤ የሰከረ ሰው ቪዲዮ በማግስቱ በቴሌግራም ከዞረ በኋላ የሚያጠፋው የለም።

መጨረሻ ላይ የሚፈጸመው ስህተት አደገኛው ነው፤ የሰከረውን ሰው «ይተኛና ይለፍለታል» ብሎ ብቻውን መተው። ጠንካራ ቡና ማስጠጣት፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ወይም በረንዳ ላይ ማስቀመጥ በደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንሱም፤ ቡናው የሚያደርገው ያልተኛ ሰካራም ማድረግ ነው። የተኛው ሰው ቢያስታውክ እንዳይታነቅ በጎኑ መተኛት አለበት፤ አጠገቡም ያልጠጣ ወይም ጥቂት የጠጣ ሰው ሊቀመጥና አተነፋፈሱን ሊከታተል ይገባል። ሲቀሰቀስ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚዘገይ ወይም የሚቆራረጥ፣ ቆዳው የቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ እንዳይሰማ እየተባለ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ሌሎቹም ቢሆኑ ባጃጅ እንደልብ በማይገኝበት ሰዓት በዳገትና ቁልቁለቱ መንገድ በእግር ወይም በሞተር ከሚበተኑ፣ ባለቤቱ ካርታው ከመዘርጋቱ በፊት ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቆ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከጎረቤት ቢያሰባስብ ይሻላል።